አቧራ ብቻ ነው ያልኩበት ቀን

ሰውየውን ያወቅኩት በፊቱ አይደለም። ፊቱ አርጅቷል፣ ጉንጩ ወርዷል፣ ያ ሁሉ ጸጉሩም የለም። ያወቅኩት ጠመንጃውን ከመሀሉ አጥፎ ክንዱ ላይ ሲያጋድመው ነው። ሌላው ሰው እንደ አካፋ ነው የሚሸከመው። እሱ ግን እንደ ሕፃን ያቅፈውና በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል። ያን አውራ ጣት ካየሁት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጭኔ ላይ የነበረው ድፎ ዳቦ ከነፎጣው ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ አላነሳሁትም።

ይህ የሆነው ባለፈው እሑድ፣ ከሮም ወጣ ባለ የተኩስ ሜዳ ላይ ነው። ልጄ ፌቨን እዚያ ዳኛ ናት። አዎ፣ በዓለም ላይ ስንት ጨዋታ እያለ! የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ አንድ ቀን ይዛት ሄደች፣ ወደደችው፣ ኮርሱን ወሰደች፣ ፈተናውን አለፈች። «እማዬ፣ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፤ ነይና እዪኝ» አለችኝ። እኔ ስለዚህ ጨዋታ ምን እንደማውቅ ልጄ አታውቅም ነበር። አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብዬ ምስሬን መልቀሜን ቀጠልኩ።

ሜዳው ድሮ የሠራሁበት ያኛው ሜዳ አለመሆኑን አጣርቼ ነው የሄድኩት። ያኛው በሮም አንድ ጫፍ፣ ይህኛው በሌላው ጫፍ ነው። ሰው መኪና እንዳለው ግን አላሰብኩም። ስድስት ተኳሾች ተሰለፉ፤ አራተኛው እሱ ነበር። ከኋላቸው ልጄ ጡሩምባዋን ይዛ ቆመች። በመሀላቸው አሥር እርምጃ እንኳ የለም። ያኔ ነው ፍርሃቱ ከእግሬ የጀመረኝ። ይህ ሰው፣ ፌቨን የአንድ ዓመት ልጅ ሆና ደረቴ ላይ ተኝታ ሳለ፣ «አንድ ቀን ያለሽን ነገር አሳጣሻለሁ» ብሎኛል። ያለኝ ያን ጊዜ እሷ ነበረች። ዛሬም እሷው ናት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር፣ እትዬ ለተብርሃን ከሚባሉ የአስመራ ሴት ጋር አንድ ቤት ተካፍለን ነው። እትዬ ለተብርሃን አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል፤ እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። የፌቨን አባት ለሥራ ወደ ሰሜን ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ ስለ እሱ አላወራም። ልጄን የሚይዙልኝ እትዬ ለተብርሃን ነበሩ፣ ሥራውንም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። «ጽጌ፣ የጥይት ቀለህ መልቀምና ወጥ ቤት መርዳት ነው። ጆሮሽን ጥጥ ወትፊበት፣ ሌላ ችግር የለውም» አሉኝ። ሌላ ችግር የለውም!

መንገዱ ረጅም ነበር። በካሲሊና ጎዳና ላይ የምትሄደውን ትንሽ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በእግር። በግራም በቀኝም ካርቾፊ የሚባለው እሾሃም አትክልት የተዘራበት ማሳ ነው። በመከር ወራት ጭቃው ጫማዬን ያወልቀዋል። ስደርስ ባሩድና እርጥብ ሣር ይሸተኛል፣ ከወጥ ቤት ደግሞ የሽምብራ ሾርባ በሮዝመሪ። እውነቱን ልናገር፣ ቦታውን እወደው ነበር። የሚያስጠላኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። መሬት ውስጥ ከተቀበረ ማሽን ብርቱካንማ ክብ ሸክላ ይወነጨፋል፣ መጠኑ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው። ተኳሹ ይጮኻል፣ ሸክላው ይበራል፣ ይተኮሳል። ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ሸክላ ነው። በዓይን የሚታይ ስባሪ ከወደቀ ተመትቷል፣ አንድ ተብሎ ይጻፋል። አቧራ ብቻ ከጨሰ አልተመታም፣ ዜሮ ነው። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ በስባሪና በአቧራ መሀል። ዳኛው ጡሩምባ የሚነፋው ለዜሮ ብቻ ነው። ሸክላው ከተመታ ዝም ይላል።

የሜዳው ኃላፊም ዳኛም ያው ሰው፣ ሲኞር ኦታቪዮ ነበር። ጸሐፊዋ ስትታመም ከወጥ ቤት ጠርቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠኝ። አንድና ዜሮ ለመጻፍ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

«ስሚ» አለኝ። «ዓይንሽ አያገባውም። የሜዳው ዓይን እኔ ነኝ። አንቺ ጆሮ ነሽ። ጡሩምባ ከሰማሽ ዜሮ፣ ካልሰማሽ አንድ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ሲኞር ኦታቪዮ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እርሳስ ይዤ፣ ሰው ሁሉ ነጥቡን ከኔ እየጠየቀ። ለእትዬ ለተብርሃን «ጸሐፊ ሆንኩ» አልኳቸው። «እንግዲህ ፔርሜሶሽን ለማሳደስ ኮንትራቶ ይጽፍልሻል» አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ያለ ሥራ ውል ደግሞ አይታደስም።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካስታኛ የሚባለው ቡናማ ፍሬ እየተጠበሰ ነው። የዚያን እሑድ ትልቅ ውድድር ነበር። ሁለት ሰዎች በነጥብ ተያያዙ፤ አንዱ የኦታቪዮ ወዳጅ፣ ሥጋ ነጋዴ፤ ሌላው ዝም ያለ ትራም ነጂ። በመጨረሻው ዙር ሥጋ ነጋዴው ተኮሰ። ሸክላው ምንም ሳይነካ፣ ሙሉውን፣ እስከ ጥዶቹ ድረስ በረረ። ወፍ እንኳ እንደዚያ ተዝናንታ አትበርም። እርሳሴን ይዤ ጡሩምባውን ጠበቅኩ። ዝም። ቀና ብዬ ኦታቪዮን አየሁት፣ እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጆሮ ነሽ ተብያለሁ። «አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ሥጋ ነጋዴው በዚያችው አንድ አሸነፈ። ወረቀቱ ተፈረመ፣ ዋንጫው ተሰጠ። ከዚያ ትራም ነጂው ቀስ ብሎ መጣና ጣቱን ያቺ ሳጥን ላይ አደረገ።

«ይህን ማን ጻፈው? ሸክላው ጫካ ገብቷል፤ ሁላችንም አይተናል።»

ሰው ከበበን። ኦታቪዮ ከኋላ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እስካሁን እዚያ ቦታ ላይ ይከብደኛል።

«እኔማ ነፍቻለሁ» አለ። «ልጅቷ ናት ያልሰማችው።»

«አልነፉም» አልኩ።

«ሕፃን ስታባብል እያደረች እዚህ መጥታ ታንቀላፋለች። አዝኜላት ነው ያስቀመጥኳት። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ተሳስቻለሁ በይና ይብቃ።»

ሠላሳ ሰው ነው የሚያየኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ትዝ አለኝ። ልጄ ትዝ አለችኝ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ።

«አሁን ግን ወረቀቱ ተፈርሟል፤ አይነካም» አለ ኦታቪዮ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። ትራም ነጂው አተኩሮ አየኝና «ብራቫ» አለኝ፤ ጎበዝ ማለት የሆነው ብራቫ ስድብ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው የተማርኩት። ኦታቪዮ ወዳጁንም ስሙንም አተረፈ። እኔ ሌባ ተባልኩ።

በማግስቱ ከጠረጴዛው ተነስቼ መሬት መቧጠጫና ጆንያ ተሰጠኝ። የኅዳርን ዝናብ በሙሉ ስባሪ ስለቅም ከረምኩ። የውሉን ነገር ልጠይቀው ስሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰው ፊት ቆማ ተሳስቻለሁ ያለችን ሴት፣ እንዴት አድርጌ ታማኝ ናት ብዬ እፈርማለሁ?» በራሱ ትእዛዝ ባልኩት ቃል መልሶ ራሴን አነቀኝ። የዚያን ቀን ቂም ያዝኩ። እንደ እርሾ ነው የያዝኩት፤ ከድኜ፣ እንዳይሞት በየቀኑ እያየሁ። ስባሪ ባነሳሁ ቁጥር «አንተንም እንደዚህ» እላለሁ።

ሳላውቀው ግን ዓይኔ ሰለጠነ። አንድ ወር ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስውል የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ስባሪ ሣር ውስጥ ከሩቅ ይታየኝ ጀመር። ሌላም ነገር ተማርኩ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ኦታቪዮ በእጁ የጻፈው ደንብ ተለጥፎ ነበር፤ እትዬ ለተብርሃን ተርጉመውልኛል። ከመሬት የተነሳ ሸክላ ማስረጃ አይሆንም ይላል። መሬት ላይ የወደቀውን ሸክላ ሌላ ጥይትም ስለሚበሳው፣ ፍርድ የሚሰጠው አየር ላይ በታየው ብቻ ነው።

በታኅሣሥ የክለቡ የዓመት መዝጊያ ውድድር ሆነ። ሽልማቱ ከነአጥንቱ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ነው። በዚህ ቀን ኦታቪዮም ስለሚወዳደር ከቪቴርቦ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ይመጣሉ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ረዳት ዓይኖች ይቆማሉ። የመጨረሻው ምድብ ሊጀምር ሲል በቀኝ የሚቆመው ሰው ወገቡን ይዞት ሄደ። ሽማግሌው ዙሪያቸውን ሲያዩ እኔ መቧጠጫዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይህች ልጅ ሸክላ ታውቃለች?» አሉ።

«ከሁላችንም በላይ!» አለ ኦታቪዮ እየሳቀ። «ስትለቅመው ነው የምትውለው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ራሱ ነው ያቆመኝ፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ትራም ነጂው በሃያ ሦስት ጨርሶ ተቀምጧል። ኦታቪዮ ሃያ ሁለት ይዞ ሁለት ሸክላ ቀርቶታል፣ ሁለቱንም ከመታ ያሸንፋል። ሃያ አራተኛው ወጣ። ተኮሰ። ብርቱካንማ አቧራ ቦነነ፣ ሸክላው መንገዱን ቀጠለ። ነገር ግን ከአቧራው ውስጥ አንዲት ስባሪ ወደ እኔ በኩል ዘለለች። የምስር ክክ ታህላለች። አየኋት። ስትዞር፣ ስትወድቅ፣ የወደቀችበትን ሣር ሁሉ አየሁ።

ሽማግሌው ጡሩምባውን ነፉ። ኦታቪዮ ወዲያው እጁን አነሳ፤ «ፕሮቴስቶ!» ደንቡ እንደዚያ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ሳይተኩስ መቃወም አለብህ። ሽማግሌው ወደ ግራ ዞሩ፤ በግራ ያለው ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ ቀኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስባሪ አይተሻል?»

ጾመ ነቢያት ላይ ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። አፌ ደርቆ ስለነበር ቃሉ እየተንቀጫቀጨ ወጣ።

«ፖልቬሬ» አልኩ። «አቧራ ብቻ ነው።»

ዜሮ ተጻፈ። ኦታቪዮ ፊቱ ቀልቶ ወደ ቦታው ሄደ። ሃያ አምስተኛውን ግን እኔ አልነካሁትም። ራሱ ሳተው። ጨዋታው እንዳለቀ ሜዳው ውስጥ ሮጦ ገባና ጠርዙ የተሸረፈ ሸክላ ይዞ መጣ። «ይኸው! ይኸው!» ይላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንኳ አላሳረፉበትም። «ከመሬት የተነሳ አንቀበልም፣ ኦታቪዮ። ግድግዳህ ላይ ጽፈኸዋል» አሉት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ትራም ነጂው የአሳማውን ጭን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኦታቪዮ እኔ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «አይተሻል» አለኝ።

«እኔ ጆሮ ነኝ፣ ሲኞር» አልኩት። «ዓይኑ እርስዎ አይደሉ?»

በሕይወቴ ውስጥ እንደዚያች አረፍተ ነገር የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ጣዕሙ ግን ብዙ አልቆየም። የዚያን ቀን እትዬ ለተብርሃን ቅዱስ እስጢፋኖስ ለቅዳሴ ሄደው ስለነበር ፌቨንን ይዣት መጥቼ ወጥ ቤት ነበር የዋለችው። አቅፌያት ወደ አውቶቡሱ መንገድ ወጣሁ። ሊመሽ ሲል ነው፤ የካርቾፊው ማሳ ጉም ለብሷል። ከኋላዬ መኪና ሰማሁ። አላለፈኝም። ከጎኔ ሆኖ በእግሬ ልክ ቀስ እያለ ሄደ። መስኮቱ ወረደ። ጠመንጃው የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«በፈለግሽው ጊዜ ዋሽተሻል» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «እኔም በፈለግኩት ጊዜ እመጣለሁ። አንድ ቀን ያለሽን ነገር አሳጣሻለሁ።» ልጄን አያት። ከዚያ ሄደ። ልጄን እንዳቀፍኩ ማሳው ዳር ተቀመጥኩ።

ወደዚያ ሜዳ አልተመለስኩም። እትዬ ለተብርሃን አንዲት አሮጊት የምጦርበት ቤት አገኙልኝ፣ የአሮጊቷ ልጅ ውሉን ፈረመልኝ፣ ፔርሜሶዬ በመጨረሻው ሳምንት ታደሰ። ለንስሐም ሄጄ ነበር። ቄሱ «ተጸጽተሻል?» አሉኝ። «አይ፣ አባ» አልኳቸው። «እንግዲያው ስትጸጸቺ ተመለሺ» አሉኝ። አልተመለስኩም። በዚያኛው የከተማው ጫፍ የምሠራበት ቤት ሲገኝልኝ እንኳ እምቢ እል ነበር።

ባለፈው እሑድ እንግዲህ ያ ሰው ልጄ ፊት ቆሞ ተኮሰ። አቧራ ቦነነ። ፌቨን ጡሩምባዋን ነፋች፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። እሱ እጁን አነሳ፤ «ፕሮቴስቶ!» ያው ድምፅ። ፌቨን ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። በቀኝ ያለው ሰውዬ «ስባሪ አይቻለሁ» አለ። ልጄ ምንም ሳታመነታ ዜሮውን ሰርዛ አንድ ሰጠችው። ለሱ! ከሆዴ የወጣች ልጅ! ጥርሴን ነከስኩ።

ዙሩ ሲያልቅ በአጠገቤ አለፈ። ቆመ። ፌቨንን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፌቨንን አየ።

«ፖልቬሬ» አለኝ። ሌላ ሰላምታ የለም። «ልጅሽ ናት? ጥሩ ዳኛ ናት። የእናቷን ነገር ታውቃለች?»

ጎንበስ ብዬ ድፎ ዳቦውን ከሣሩ ላይ አነሳሁ።

«ወረቀቱን ስፈርም እነግራታለሁ» ብሎ ኮፍያውን አንስቶልኝ ወደ ቡና ቤቱ ሄደ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የፈራሁት ጠመንጃውን ነበር፤ ልጄን ሊያሳጣኝ የሚችለው ግን አፉ ነው። ልጄ በመጀመሪያ ቀኗ፣ በዚያ የዳኛ ኮት ውስጥ ሆና፣ እናቷ ሐሰተኛ ዳኛ እንደነበረች ከእሱ አፍ ልትሰማ ነው። ተነሳሁ። ፌቨን ወረቀት ልታመጣ ዕቃ ቤት ስትገባ ተከትያት ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«እማዬ ምን ሆነሻል? ላብሽ ይንጠፈጠፋል።»

«ከሱ አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው» ብዬ ጀመርኩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጆሮ ነሽ ያለኝን፣ ተሳስቻለሁ ያልኩትን፣ ምስር ክኳን። አንዲትም ነገር አላስቀረሁም። ልጄ ፊቷ ድንጋይ ሆነ። ወረቀቷን አንስታ ወጣች። እኔም ከኋላዋ።

ኦታቪዮ ጠረጴዛው ጋ እየጠበቀ ነው። ፈረመ። እስክሪብቶውን ሳይመልስ፣ «ሲኞሪና፣ እናትሽ አንድ ጊዜ…» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ» አለችው ፌቨን። «የጥቅምቱንም የታኅሣሡንም። ያን ቀን ተቃውመዋል፣ ተፈርዷል። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ አይነካም።»

የራሱን ቃል ሲሰማ አወቀው።  ክንዱ ላይ ያለውን ጠመንጃ የሚያሻሸው አውራ ጣቱ ቆመ። እስክሪብቶውን ተቀብላው ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በመኪናዋ ቀለበት መንገዱ ላይ ደረስን። የመኪና መዓት ነው፣ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ትወጋለች።

«እሱን ያልኩት ለሱ ነው» አለች። «ላንቺ የምለው ሌላ ነው። ስባሪው በእርግጥ ነበረ?»

«እንደ ምስር ክክ።»

«እና አሁንም አልተጸጸትሽም?»

«አልተጸጸትኩም። ትጠይኛለሽ?»

«በኔ ሜዳ በቀኝ በኩል አትቆሚም» አለች። «በግራም አትቆሚም። ተመልካች ወንበር ላይ፣ ዳቦሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ።» ከዚያ እጇን ከማርሹ አንስታ ጉልበቴን ጨበጥ አደረገችው። «ልጅ ታቅፈሽ በዚያ መንገድ ላይ… ብቻሽን…» ብላ አልጨረሰችውም።

ማታ ቶር ፒኛታራ ምስር ሠርቼ በላን። ክኩን ከማንኪያዋ ላይ አንስታ በብርሃን አየችውና «ይህችን የምታህል?» አለችኝ። ሳቅን። አሁን ይህን ስጽፍ እሷ በወዲያኛው ክፍል ለሚቀጥለው እሑድ ኮቷን እየተኮሰች ነው። አሁንም ይቅር አላልኩትም፤ እንድልም አትጠብቁ። ግን ሰውየው ሊያሳጣኝ የሚችለው ነገር የለም። ልጄ ሁሉን ታውቃለች፣ እዚሁ ናት። ቤቴ ደርሻለሁ፤ ደህና ነኝ።